ሙፊዳ ቤት ስታሳምር

ቤርሳቤህ ሙፊዳን በደንብ አታውቃትም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች ሲኖሩ፣ ደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። የምታውቃት በጆሮዋ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከላይ የጠረጴዛ እግር ወለሉን እየፋቀ ይጎተታል። ጥቂት ጸጥ ይላል። ከዚያ ያው ጠረጴዛ ወደ መጣበት ይመለሳል። በማግስቱ ደግሞ የአልጋ ይሁን የቁም ሳጥን ያልለየለት ነገር ይንቀሳቀሳል።

«ይቺ ሴትዮ ዕቃዋን ይዛ ልትሄድ ፈልጋ በሩ ጠቧት ነው» ይላል ባሏ ኃይለሚካኤል፣ ጣሪያውን እያየ።

ስለ ሙፊዳ የሚወራው ብዙ ነው፤ እርግጡ ግን ጥቂት። ድሮ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሳህንና ብርጭቆ ትሸጥ ነበር ይባላል። አሁን እየተጠራች የሰዎችን ኩሽና፣ መታጠቢያ ቤትና የምግብ ጠረጴዛ ታሳምራለች። ትውልዷን አንዱ ከወራቤ፣ ሌላው ከቡታጅራ ያደርገዋል። አግብታ ፈታለች የሚልም፣ ጭራሽ አላገባችም የሚልም አለ። ቤርሳቤህ ሁሉንም ሰምታለች፤ የትኛውን ማመን እንዳለባት ግን አታውቅም።

በዚያ ሰሞን ቤርሳቤህ ራሷም አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷት ነበር። የልደታ ማኅበር ተራ ደርሶባታል። ማኅበሩ የእናቷ የወይዘሮ ጠጅቱ ነበር፤ እናቷ ስታርፍ ቦታውን እሷ ተካች። ማኅበርተኞቹ ድሮ እዚሁ ልደታ አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ጎረቤቶች ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ገሚሱ ጌጃ ሰፈር ቀረ፣ ገሚሱ ከከተማው ዳር ዳር ተበተነ። በወር አንድ ቀን አንዱ ቤት ተሰብስበው ሲበሉና ሲጠጡ ካልሆነ አይገናኙም።

ባለፈው ወር እትዬ ቦሰና ቤት ተሰብስበው ሳለ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ጋሽ ተክለጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ቤርሳቤህ፣ አትቀየሚኝ» አሉ። «ያ ያንቺ ቤት ይህን ሁሉ ሰው አይችልም። በዚህ ጉልበቴ ሦስት ፎቅ ወጥቼ በር ላይ ልቆም ነው? አዳራሽ እንያዝና ከእንግዲህ ሁላችንም እዚያ እናድርገው። የቤት ተራው ይቅር።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ እትዬ ቦሰና፣ አፋቸው እንደ መርፌ የሆነ ሴት። «ከሽንት ቤቱ በር ጋር ፊት ለፊት እየተያየን ነው የምንበላው።»

ሰው ሳቀ። ቤርሳቤህ ጆሮዋ ጋለ። ተራው በደረሰ ቁጥር ማኅበሩ እናቷ ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ተደግሷል። አዳራሽ ገብቶ የሚቀረው በሷ ቤት ምክንያት ከሆነ፣ እናቷ የተከለችውን እሷ ነቀለችው ማለት ነው።

«አንድ ጊዜ ኑና እዩት» አለች። «ካልበቃ ያኔ አዳራሽ ይሁን።»

በዚህ ተስማሙ።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ቤርሳቤህ ሳሎኗን በእርምጃ እየለካች ነበር። በቁመት ስድስት፣ በወርድ አራት ተኩል። ድጋሚ ስትለካ ቁመቱ አምስት ተኩል ሆነባት። ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል የላዩ ጠረጴዛ ተጎተተ። ያን ጊዜ ንዴቷ ገነፈለና ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ደረጃውን ወጣች።

ሙፊዳ በሩን የከፈተችው በአንድ እጇ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ነው። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል።

«ጠረጴዛው ነው አይደል?» አለች፣ ቤርሳቤህ ገና አፏን ሳትከፍት። «አፉ በይኝ። እግሩን በጨርቅ አስሬው ነበር፤ ወለቀ።»

ቤርሳቤህ ደረጃው ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። ቤቱ ያው የሷ ቤት ነው፤ መስኮቱም፣ ምሰሶውም፣ ኩሽና የሚባለው ጥግም እዚያው ነው። ግን የሷን ሁለት እጥፍ ያህላል። የድስት ክዳኖቹ ከበሩ ጀርባ በሚስማር ተሰቅለዋል። ከዕቃ ማጠቢያው ስር ያለው ዝብርቅርቅ የግድግዳውን ቀለም በመሰለ መጋረጃ ተሸፍኗል። መሃል ወለሉ ባዶ ነው።

«ይሄ የኛ ቤት ነው?»

«የናንተ ታች ነው» አለች ሙፊዳ።

ቤርሳቤህ ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ ማኅበሩን፣ አዳራሹን፣ የእትዬ ቦሰናን አፍ ሳይቀር። ሙፊዳ ቆማ አዳመጠች።

«ስንት ሰው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ቄሱን ቆጥረሻል?»

«ቆጥሬያለሁ።»

«እንሂድ» አለች ሙፊዳ፣ ጨርቁን እያስቀመጠች።

ታች ስትደርስ ሜትር አልያዘችም፤ ምንም አልለካችም። ውጭ ቀርታ በሩን ዘጋችና አንኳኳች። «ቤቶች» አለች። ቤርሳቤህ ግራ እየገባት ከፈተችላት። ሙፊዳ እንደ እንግዳ ቀስ ብላ ገባች፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን አየች። ተነስታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ከዚያ ሌላ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ አዳረሰች። አልጋው ጠርዝ ላይ የተኛ ኃይለሚካኤል በተከፈተው የመኝታ ቤት በር አንገቱን አውጥቶ ያያታል።

«ልትገዛው ነው እንዴ?» አለ።

«ዝም በል አንተ» አለች ቤርሳቤህ።

«እዚህ ማን ነው የሚቀመጠው?» አለች ሙፊዳ ከትልቁ ሶፋ ላይ ሆና።

«ጋሽ ተክለጻድቅ። ሙሴያችን ናቸው።»

«እኚህ ሽማግሌ እንጀራቸውን ሲጠቀልሉ የሚያዩት በርሜልሽን ነው።»

እውነት ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ሰማያዊው የውሃ በርሜል ከነጆጉ ሳሎኑን እንደ ዘበኛ ያያል።

ሙፊዳ ቀጥላ መሃል ሳሎን የቆመውን ባለ ስድስት ወንበር የምግብ ጠረጴዛ ዞረችው። ላዩ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ በላይ ላስቲክ ለብሷል።

«ቤቱን የበላው ይሄ ነው። በልታችሁበት ታውቃላችሁ?»

ቤርሳቤህ የላስቲኩን ጫፍ አስተካከለች።

«የመኪና ቁልፍ እናስቀምጥበታለን» አለ ኃይለሚካኤል።

«ከግድግዳው ይጠጋ። ዳቦውና ጠላው ይቀመጥበት። ወንበሮቹ ይበተኑ፤ ሰው በግድግዳው ዙሪያ ይቀመጥ፣ መሃሉን ለሚያስተናግድ ተዉት። ላስቲኩን አንሺው፣ የሰው ክንድ ይይዛል። የቡፌውን ሳህኖች አውጪና ይብሉባቸው፤ የሚሸጡ አይደሉ።»

በሚቀጥሉት ቀናት ሙፊዳ ከሥራ መልስ ትመጣለች። አንድ ነገር ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ወደ በሩ ሄዳ ታየዋለች፣ ተመልሳ ታነሳዋለች። ሻይ ሲቀርብላት ብርጭቆውን ይዛ ትዞራለች። ቤርሳቤህን መጀመሪያ ያደክማት ነበር፤ በኋላ እሷም አብራ መዞር ጀመረች። መሥሪያ ቤቷ ሆና እንኳ በሐሳቧ ወንበር ታንቀሳቅሳለች።

አንድ ቀን ስልኳን አውጥታ ቲክቶክ ላይ ያየችውን መታጠቢያ ቤት አሳየቻት። ነጭ በነጭ ነው። ጥግ ላይ ተክል አለ፤ ፎጣዎቹ ተጠቅልለው እንደ ዳቦ ተደርድረዋል።

«እነዚህ ውሃ ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ?» አለች ሙፊዳ።

«አይጠፋባቸውም።»

ሙፊዳ ስልኩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ፊቷ ላይ ቤርሳቤህ ከዚያ በፊት ያላየችው ነገር ነበር፤ መጓጓት ሳይሆን አይቀርም።

«በርሜሉ ይውጣ» አለች በመጨረሻ። «እሁድ፣ የማኅበርሽ ዕለት፣ የውሃ ፈረቃችን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይመጣል። ሰው እጁን ሊታጠብ ሲገባ እንዲህ ያለ ነገር ይየው።»

ውሃው ልብስ ታጠበበት። በርሜሉን ኃይለሚካኤል ተሸክሞ ወርዶ ዘበኛው ጋ አስቀመጠው።

«ከዚህ ቤት ቀጥሎ የምወጣው እኔ ነኝ» አለ ሲመለስ እያለከለከ።

የመኝታ ቤቱ መስታወት ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደ። ነጭ መጋረጃ ተሰፋ፤ ፎጣዎቹ ተጠቀለሉ፤ ሳሙናው ከጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቤርሳቤህ በሩን እየከፈተች ታየዋለች፣ ትዘጋዋለች፣ እንደገና ትከፍታለች።

ልደታ የምትታሰብበት የወሩ አንድ ቀን እሁድ ላይ ዋለ። ጠዋት ቤርሳቤህ ቧንቧውን ስትከፍት አየር ተነፈሰባት። ሦስት ጠብታ ቡናማ ውሃ ወረደና ቀጥ አለ። ሦስት ሰዓት ላይ ሞከረች። ከዚያ በየአሥር ደቂቃው። የቀረው ውሃ ለወጥ ሄዷል። ኃይለሚካኤል ጀሪካን ይዞ ከብሎክ ብሎክ ዞሮ ባዶውን ተመለሰ።

ሙፊዳ ስትመጣ ቤርሳቤህ ከማጠቢያው አጠገብ ቆማ እጇን ታፍተለትላለች።

«አልመጣም?»

«አልመጣም። በርሜሉን…»

«እኔ ነኝ ያልኩሽ» አለች ሙፊዳ። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ወደ ላይ ወጣች። ስትመለስ በሁለት እጇ ሁለት ቢጫ ጀሪካን፣ በብብቷ ደግሞ የቆየ የአሉሚኒየም እጅ ማስታጠቢያ ይዛለች።

«ውሃ ከአልጋዬ ስር አይጠፋም» አለች። አንዱን ጀሪካን ለክፉ ቀን ብላ መታጠቢያ ቤት አስገባችና በሩን ዘጋችው። በሩ ፊት ለፊት ወንበር አደረገች። «መታጠቢያ ቤቱን እርሺው።»

«ሁለት ሳምንት የለፋንበትን?»

«እርሺው። የዚህን ግማሽ ምድጃ ላይ ጣጂልኝ፤ ለብ ይበል።»

እንግዶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጡ። ጋሽ ተክለጻድቅ በየፎቁ እያረፉ፣ እያንዳንዱን ደረጃ የሚቆጥሩ እስኪመስል ቀስ ብለው ወጡ። ቤርሳቤህ እያንዳንዱ ሰው ሲቀመጥ ትቆጥራለች። ስምንት። ዘጠኝ። ቄሱ መስኮቱ ስር ሲቀመጡ አሥራ አንድ። መጨረሻ የገቡት እትዬ ቦሰና ነጠላቸውን አደላድለው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ግን ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳል።

«እንኳን ለመቀመጫ ለመቆሚያም ቦታ ተረፈ» አሉ፣ ቅር ያላቸው ይመስላል። ከዚያ ዞረው ከጀርባቸው ያለውን በር አዩ። «በሉ እጃችንን እንታጠብ፤ በዚህ ነው?» አሉና ሊነሱ ወንበሩን ያዙ።

ቤርሳቤህ ወደ ሙፊዳ ዞረች።

«ይቀመጡ እትዬ» አለች ሙፊዳ። «እንግዳ ለመታጠብ አይነሳም።»

ፎጣውን በግራ ክንዷ ላይ ጥላ፣ ጆጉን በቀኝ፣ ሳህኑን በግራ እጇ ይዛ ከቄሱ ጀመረች። ጎንበስ ብላ በቀጭኑ ታወርዳለች፤ ሰውዬው እጁን ሲያሽ ታቆማለች፤ እጁ ሲዘረጋ ደግማ ታወርዳለች። ከአንድ ብርጭቆ የሚበልጥ ውሃ ለማንም አልፈሰሰም፤ ማንም ግን እንደ ተቆጠበበት አላወቀም። ወለሉ ላይ ጠብታ አልወደቀም።

ጋሽ ተክለጻድቅ እጃቸውን በፎጣው እያደረቁ ቀና አሉ።

«ለብ ያለ ውሃ» አሉ። «እንዲህ ተቀምጬ የታጠብኩት ጠጅቱ ቤት ነው። እናትሽ ቤት።»

«ጠጅቱማ ክንድ ድረስ ነበር የምታስታጥበው» አሉ እትዬ ቦሰና። እጃቸውን ግን ለመዘርጋት አልዘገዩም።

ዳቦው ተባረከ። ከግድግዳው ከተጠጋው ጠረጴዛ ላይ ወጡም ጠላውም ሰው ሳይረግጥ፣ ሰው ሳይገፋ ወደ ሁሉም ደረሰ። ሲጨዋወቱ፣ ሲሰዳደቡ፣ የጠፋ ሰው ስም ሲያነሱ ቆዩ። በመሃል ጋሽ ተክለጻድቅ ጠላቸውን አስቀመጡ።

«የሚመጣው ወር የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው ጋሼ» አለች ቤርሳቤህ።

«እንግዲያው አዳራሹ ይቅር» አሉ። «ተራው በየቤቱ ይቀጥል። ይቺን ሴት ግን ይዘሽልኝ ነይ።» ከዚያ ጉልበታቸውን አሹ። «ደረጃሽን ይቅር አላልኩትም።»

ቤርሳቤህ ዕንባዋ መጣና ወደ ኩሽናው ጥግ ዞረች። ሙፊዳ እዚያ ሳህን ትደራርባለች። ሦስት ጊዜ ቁጭ በዪ ተብላ ሦስቱንም ጊዜ «እሺ» ብላ ቆማ ቀርታለች። ቤርሳቤህ ሽሮና ጎመን አድርጋ ሰጠቻት። ሙፊዳ ሳህኑን ይዛ ቆማ ሁለት ጊዜ ጎረሰች።

«እንዲህ ማስታጠብ የት ተማርሽ?» አለች ቤርሳቤህ በዝግታ።

«ሰው ቤት። ሠራተኛ ሆኜ ስገባ አሥር ዓመቴ ነበር።»

ቤርሳቤህ ይህን አልጠበቀችም። «እዚህ አዲስ አበባ?»

«እዚሁ። ትልቅ ቤት ነው። ጠረጴዛው ብቻ አሥራ አራት ሰው ያስቀምጥ ነበር። እኔ አስታጥባለሁ፣ ፎጣ እይዛለሁ፣ ሳህን አነሳለሁ። ከቆሙበት ሁሉም ይታያል። ማን ማንን እንደሚያይ፣ ማን ጥግ እንደተሰጠው።»

«ስንት ዓመት ቆየሽ?»

«ዘጠኝ።»

ከሳሎኑ ሳቅ መጣ። ሙፊዳ ወደዚያ ዞር ብላ የማን ብርጭቆ እንደጎደለ አየች።

«አንቺስ?» አለች ቤርሳቤህ። «በዚያ ቤት አንቺ የት ነበር የምትበዪው?»

ሙፊዳ እንደቆመች ሳህኑን ከነተረፈው አስቀመጠች።

«እሱን አትጠይቂኝ» አለች።