አዋሽ ያልደረሰበት ባሕር

ደሴ ካለው ሰፈራችን ከሆጤ የወጣነው በጥር ብርድ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። የአባቴ ዓላማ ባሕር የሚባለውን ነገር ከጭንቅላቴ ማውጣት ነበር፤ የእኔ ደግሞ ያንኑ ነገር እሱ ጭንቅላት ውስጥ መክተት።

ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ውጭ አገር ሄጄ የባሕር እንስሳትን እንድማር ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኘሁ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ይማም፣ ዘመድ በተሰበሰበበት "ወደብ በሌለው አገር ባሕር መማር፣ በሬ ሳይኖር ቀንበር መቅረጽ ነው" ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። እኔ አልሳቅሁም። ግን ያለ አባቴ ዱዓ ከአገር አልወጣም፤ ይህን እሱም አሳምሮ ያውቃል።

አባቴ የተሳቢ ሾፌር ነው፤ ፀጉሩ የሸበተው በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ረዳቱ ለሰርጉ ፈቃድ ሲወስድ ጊዜ አባቴ ውል አቀረበልኝ።

"አንድ ጉዞ አብረሽኝ ነይ። ሙቀቱንና ወረፋውን ስትቀምሺ ራስሽ ትተዪዋለሽ።"

"እሺ። አንተ ግን እውሃው ድረስ አብረኸኝ ትወርዳለህ።"

"ውሃውን ስንቴ አይቼው" አለ። ይህ መልሱ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ከሐረጎ እስከ ባቲ

ከፒያሳ ዳቦና ብርቱካን ሸምተን የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር ደሴ በጉም ተሸፍና ነበር። አባቴ ጠመዝማዛውን በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ፍሬን የሚያበዛ ሾፌር አይወድም። ኮምቦልቻ ስንደርስ የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞች ወደየፋብሪካው ይጣደፋሉ። አንዷ ባልደረባዬ ጋቢና ውስጥ አይታኝ በመገረም አፏን ያዘች።

ቦርከናን ስንሻገር አባቴ በአገጩ ጠቆመኝ። "ይሄ ውሃ የት ነው የሚገባው?"

"አዋሽ።"

"አዋሽስ?"

ወዴት እየወሰደኝ እንደሆነ ገባኝ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

"አየሽ፣ ያን የሚያህል ወንዝ ያልደረሰበት ነው አንቺ ልትደርሺ ያማረሽ።"

"ወንዝ የሚያውቀው ቁልቁለት ብቻ ነው አባዬ። እኔ ዳገትም አውቃለሁ።"

ፈገግታውን ለመደበቅ መስተዋቱን አስተካከለ። ባቲ ላይ የፍየል ጥብስ በላን። አባቴ "ሥጋው ቀነሰ፣ ዋጋው ጨመረ" እያለ ከባለቤቱ ጋር ተከራከረ፤ ተከራክሮም የተጠየቀውን ከፈለ።

ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ወረፋ

ከባቲ በኋላ አገሩ እየረገፈ ይሄዳል፤ ዛፉ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው ድንጋይ ይሆናል። ሚሌ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ። ጋላፊ፣ ድንበሩ ላይ፣ ፓስፖርታችንን አስመታን። አባቴ በሞቀ ቁጥር ዞር ብሎ ያየኛል፤ ተማረርሁ እንድለው። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልለውም ብዬ ላቤን በዝምታ ጠረግሁ።

ጅቡቲ እንደደረስን የገባነው የጭነት መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ ሜዳ ነው። ሾፌሮቹ ተሳቢያቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይተኛሉ፤ እዚያው ያበስላሉ፣ እዚያው ይሰግዳሉ። ከሩቅ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ።

"ባሕሩ የታለ?" አልሁት።

"ያውልሽ፣ ክሬኑ ሥር።"

"ነክተኸው ታውቃለህ?"

"ለምን ብዬ? ሾፌር መኪናውን ጥሎ አይሄድም" አለ።

ተናደድሁ። ስንዴውን፣ ማዳበሪያውን፣ ብረቱን ከባሕር አፍ ሲያመላልስ ያረጀ ሰው አንድ ቀን እግሩን ውሃ ውስጥ አልነከረም። ለእሱ ባሕር ማለት ወረፋ ነው። ሾፌሮቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ የሚያወሩትም ስለ ክሬንና ስለ ጎማ ብቻ ነው።

"ውላችንስ?" አልሁ።

"ተራው ቢደርስስ?"

ከጎናችን የቆመው ሾፌር በባቲ መንገድ ያለችው የደጋን ከተማ ሰው ነው፤ ሙግታችንን ከጅምሩ ሰምቶታል። "ሂድ አቦ፣ መኪናህን እኔ አያታለሁ። ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ካልሄድክ አታስተኛንም" አለው። አባቴ ቁልፉን ሲሰጠው እጁ ትንሽ ዘገየ።

ታጁራ ባሕረ ሰላጤ

በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የባሕር ዳርቻ ጀልባ ተከራየን። ባለ ጀልባው ሙሳ የሚባሉ የአፋር አዛውንት ናቸው፤ አማርኛን የለመዱት ከሾፌሮች ነው።

"ዋና ትችያለሽ?" አሉኝ።

"ሐይቅ ላይ ተምሬአለሁ፣ አባባ።"

"እሱስ?"

"እሱ መኪና ነው የሚችለው" ስላቸው ሳቁ። አባቴ ግን የጀልባውን ጠርዝ እንደ መሪ ጨብጦ ነበር።

ብዙም ሳንርቅ ሙሳ ሞተሩን አጠፉና በጣታቸው አሳዩን። ከውሃው ሥር አንድ ጥላ መጣ፤ ርዝመቱ የተሳቢያችንን ግማሽ ያህላል። ጥቁር ግራጫ ጀርባው እንደ ጅግራ በነጭ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ዌል ሻርክ ነው፤ በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ። አፉን እንደ ጎተራ በር ከፍቶ ዝግ ብሎ አለፈ። ዘልዬ ገባሁ። ከጎኑ ስዋኝ ትንሿ ዓይኑ አየችኝ፤ ግድም አልሰጣት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተደሰትሁበት ጊዜ የለም።

ስወጣ አባቴ ፊቱ ገርጥቷል። "ሱብሐነላህ። ይሄ ሰው አይበላም?"

"የሚበላው ይሄን ነው" ብዬ በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ቀድቼ ወደ ፀሐይ አነሣሁለት። ብናኝ የሚመስሉ ነገሮች ይዘላሉ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ዓይኑ ሥር አስጠጋው።

"ይሄ ሁሉ ሥጋ በዚህ?"

"በዚህ። ባሕር ውስጥ የሞተው ሁሉ ወደ ሥር ወርዶ እንደ ፍግ ይከማቻል። ነፋሱ የላዩን ውሃ ሲገፋው የሥሩ ይወጣል። ፍጉ ብርሃን ሲያገኝ ለዓይን የማይታይ አረንጓዴ ነገር ይበቅላል። ያን እነዚህ ይበሉታል፣ እነዚህን ደግሞ ያ ትልቁ። ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉም ከዚያው አረንጓዴ የሚወጣ ነው።"

አባቴ ገበሬ ነበር። መሪ የጨበጠው ከደሴ በላይ ባለው የትውልድ አገሩ በልጉ ደጋግሞ ሲቀርበት ነው። ፍግ ስለው ፊቱ ተለወጠ።

"ነፋሱ ያርሰዋል በይኛ" አለ።

"አዎ፣ ያርሰዋል።"

"ነፋሱ ከቀረስ?"

"ማሳው ጦም ያድራል። ዓሣውም አይመጣም" አሉ ሙሳ፣ ከእኔ ቀድመው። "እንዲህ ያለ ዓመት አይተናል።"

"እንደ በልጋችን" አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

"በልጋችንም ከዚሁ ነው አባዬ። ዝናቡ ከባሕር ተነሥቶ ነው የሚመጣልን፤ ባሕሩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የዝናቡም ነገር ይለዋወጣል።"

ብዙ አላወራም። ከጀልባው ስንወርድ ግን ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ቆመ። ማዕበሉ ቁርጭምጭሚቱን ሲመታው አልሸሸም። ምሳ ላይም እስከዛሬ ቀምሶ የማያውቀውን የባሕር ዓሣ አዘዘ፤ እሾኩን እየለቀመ ጨረሰው።

መልስ

ጭነን ስንመለስ ሙግት አልነበረም። በአገራችን ስንት ሰው "ባሕር የለንም" እያለ እንደሚኖር እያሰብሁ ዳገቱን ወጣሁ። የሌለን ወደቡ ነው። ባሕሩማ በልግ በመጣ ቁጥር ደሴ ጣሪያ ላይ ያንኳኳል። የሚያንኳኳውን ማን እንደሆነ ለማወቅ ከእንግዲህ የማንንም ሳቅ አልፈራም፤ ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው። የአባቴን ሐሳብ ግን አሁንም አላውቀውም፤ ልቤ እንደተንጠለጠለ ቦርከናን ተሻገርን።

ቤት ስንገባ አጎቴ ይማም ዘመዶቹን ይዞ ይጠብቀን ነበር።

"እህ፣ ቀንበሩን ጣለችው?" አለ።

አባቴ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ገብቶ፣ ተደላድሎ ተቀመጠ።

"በሬው አለ፣ ይማም። ሲያርስ በዓይኔ አየሁት። እኛ ጋ የጠፋው የእሱን አስተራረስ የሚያውቅ ሰው ነው" አለና ሁለት መዳፎቹን ዘረጋ። ስሜን ጠርቶ፣ መንገዴን ጠርቶ፣ ባሕሩንም ጠርቶ ረጅም ዱዓ አደረገ።

ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። ይማምም መጨረሻ ላይ፣ ሳይወድ፣ አሚን አለ።