የእንጀራ አያት

የመጀመሪያ የልጅ ልጄ በተወለደ በሦስተኛው ወር፣ ለልጁ ባዳ መሆኔን ከደብዳቤ ላይ አነበብኩ።

ደብዳቤውን ጀርመን አገር እኔ የምኖርበት ሰፈር ቦናመስ ድረስ ይዛ የመጣችው ልጄ ናት። ልጄ የተጋባችው ከሴት ጋር ነው። ልጁን የወለደችው ሚስቷ ስትሆን፣ እትብቱን በገዛ እጇ የቆረጠችው ልጄ ናት። ሰርጋቸው ላይ እኔ አልነበርኩም። «ለጉልበቴ ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ» ብዬ ቀረሁ። ጉልበቴ ደህና ነበር፤ ደረጃ በሩጫ ይወጣ ነበር።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ልጄ በሕግ እናት ለመባል ልጁን በማደጎ መውሰድ አለባት ይላል፤ ልጁንም «ሽቲፍኪንድ» ይለዋል።

«የእንጀራ ልጅ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቫስ?» አለች ልጄ። እሷ እንጀራ የምታውቀው ትሪ ላይ ነው።

አስረዳኋት። የእንጀራ እናት በእኛ ተረት ለሟቿ ሚስት ልጅ እህል የምትነፍግ ክፉ ናት፤ እትብት የቆረጠች ሴት እንዴት እንዲህ ትባላለች?

«ሚስቴ ያገባችው ወንድ ቢሆን ኖሮ» አለችኝ በጀርመንኛ፣ «ልጁ ከጎረቤት ወንድ ቢወለድ እንኳ ባልየው ያለ ጥያቄ አባት ተብሎ ይጻፍ ነበር።»

«እኔስ?»

«እኔ እናቱ ካልሆንኩ፣ አንቺ ከየት አያቱ ትሆኛለሽ?»

እውነቱን ልናገር፤ ስለ ልጄ መብት ያልተቆጣሁ ሴት፣ የአያትነቴ ነገር ሲነሳ ደሜ ፈላ።

ሕጉን የሚያሻሽል ረቂቅ ተጽፎ ነበር አሉ፤ መንግሥት ፈረሰና መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ልጄ ያለችበት የእንዲህ ያሉ እናቶች ማኅበር ለምክር ቤት የሚቀርብ ፊርማ ያሰባስባል። ወረቀቱን ነጥቄያት ወጣሁ። ሊፍት ውስጥ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ባንሆፍስፊርቴል፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር ካለው የቅመም ሱቅ በራፍ ላይ ቆምኩ። ስለ ሁለት ሴቶች ትዳር ሳወራ የአገሬ ሰው ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ከሌላ ጫፍ ጀመርኩ፤ «አያትነቴን ቀሙኝ!» እላለሁ። ያኔ ይቆማል።

ከላይ ቤት ያለችው ኤርትራዊት ጎረቤቴ ወረቀቱን ስታገላብጥ ቆየች።

«እህቴ፣ እናቶቹ ሁለት ናቸው?»

«ሁለት።»

«አባትስ?»

«የለም።»

«ወላሂ፣ እኔ ይሄን ነገር አልወደውም» አለች። «አያትን ከልጅ ልጇ መለየት ግን ግፍ ነው።» ፈረመች። እስክሪብቶዬንም ይዛብኝ ሄደች።

ሕግ በአንድ ወር አይለወጥም፤ ማደጎው በአሮጌው ሕግ ቀጠለ። ቤት የምታይ ሴት ከዩገንድአምት፣ ከሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ልጄ ቤት መጣች። ልጄ ለእናትነት ትብቃ አትብቃ የምትጽፈው እሷ ናት። እኔም ተጠርቼ የክት ቀሚሴን ለብሼ፣ ልጁን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ሶፋው ላይ ተሰየምኩ። ሴትዮዋ ሁሉን ትጠይቃለች፣ ሁሉን ትጽፋለች።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው የሰርግ ፎቶ ዞረች።

«እርስዎ የትኛዋ ነዎት?»

«እናቴ ያን ቀን ጉልበቷን አሟት ነበር» አለች ልጄ ፈጠን ብላ። ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ለካ ውሸቴን ያኔውኑ አውቃዋለች። አውቃ ሸፍናልኝ ኖራለች። በጣም አፈርኩ።

«አላመመኝም ነበር» አልኩ፣ ሴትዮዋ እንድትጽፈው በጥሩ ጀርመንኛ። «አውቄ ነው የቀረሁት።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «አሁንስ?» አለችኝ።

«አሁንማ ያመኛል። ለልጄ ፊርማ ሳሰባስብ ቆሜ ነው የከረምኩት።»

ልጄ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ብቻ መጥታ ልጁን ከጉልበቴ ላይ አነሳችልኝ።

«መልሺው» አልኳት።