ሊዮን ላይ የተመለሰልኝ ሳህን

ሊዮን ለሆዱ የሚኖር የፈረንሳይ ከተማ ነው። ሰዎቹ ቁርስ እየበሉ ስለ ምሳ ያወራሉ፤ ምሳ ላይ ደግሞ ስለ ራት ይከራከራሉ። የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነበርኩና ለአጭር ሥልጠና የተላክሁት እዚያ ነው፤ በደርግ ዘመን፣ ያውም ታላቅ ወንድሜ ታስሮ ሳለ። "እድለኛ ነሽ" ያላለኝ ሰው አልነበረም። እድል እንዲህ ከሆነስ በአፍንጫዬ ይውጣ።

ቤታችን ከሾላ ገበያ ጀርባ ነው። እናቴ በጠዋት ስንቅ ሠርታ፣ ክዳን ባለው ሰማያዊ ሳህን ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፋለች። ልጇን አታየውም። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስላት ግን በልቷል፣ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሳህኑ እንደሞላ ተመልሶ ዘበኛው "ከእንግዲህ አታምጡ" ካለ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልግም። እስከ ዛሬ ሰው ሳህን ሲያቀብለኝ መጀመሪያ የማየው ክብደቱን ነው።

አንድ ቀን ሊዮን ውስጥ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱ ራሷ ታበስላለች፣ ራሷ ታስተናግዳለች፣ ምግብ የሚያስተርፍ ሰው ሲመጣባት ደግሞ ትቆጣለች። በክሬም የተጥለቀለቀ ዓሣ አቀረበችልኝ። መጣፈጡ ነው ያልወረደልኝ፤ ወንድሜን እያሰብኩ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ሴትዮዋ ምግቡን አንስታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ እጄ ላይ አኖረችው። "ለማታሽ ይሁንሽ" አለችኝ።

እኔ ግን ጮኽኩ። ሳህን እንደሞላ ተመለሰልኝ! ጠረጴዛው ላይ ጥዬው ወደ ፖስታ ቤት ሮጥኩና ወደ ጎረቤታችን ቤት አስደወልኩ። እናቴን ጠሩልኝ።

"እማዬ፣ ስንቁስ?"

"ምን ሆነሻል? ዛሬም ይዤ ሄጃለሁ።"

"ሳህኑስ?"

"ባዶውን ይዤው ገባሁ። አይዞሽ ልጄ፣ ትምህርትሽን ጨርሺ።"

በማግስቱ ሴትዮዋን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ያቀረበችልኝንም ጥርግ አድርጌ በላሁ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ? እስክመለስ ድረስ የቀረበልኝን ሁሉ ስበላ ሰነበትኩ።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እናቴ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀበለችኝ። መንገድ ላይ ስለ ወንድሜ ብጠይቃት "ቤት እንግባ" ብቻ አለች። ቤት ስንደርስ ጎረቤቶች ሳሎን ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ገባኝ።

"ባዶውን ነው ይዤ የገባሁት አላልሽኝም?" ብዬ ጮኽኩባት።

"አልዋሸሁሽም" አለች። "አታምጪ ያሉኝ አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ነው። እጄ ግን መሥራቱን አልተው አለ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ላሉት ነዳያን እሰጠዋለሁ። እነሱ ናቸው ባዶ የሚያደርጉልኝ።"

ሰማያዊው ሳህን ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል። በነጋታው ሞልተን አብረን ወሰድነው።