ዘፋኟ የቆመችበት ቦታ

ፖርት አደሌድ በምትባል የወደብ ከተማ ውስጥ፣ ጡረተኞች ሣር ላይ ኳስ የሚያንከባልሉበት ክበብ ጀርባ አንድ ክፍል አለ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከምሳ በኋላ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ሄድፎናቸውን በሻንጣ፣ በፎጣ፣ አንዳንዱም በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልለው እዚያ ይሰበሰባሉ። የወንዶቹ ሚስቶች "ጆሮ አምላኪዎች" ይሏቸዋል፤ ስሙም ከእውነት ብዙ አልራቀም። አዲስ ሄድፎን ሲመጣ እንደ አራስ ልጅ በጥንቃቄ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ ጆሮው ላይ ካደረገው ደግሞ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ በሊጥ የተጠቀለለው ቋሊማ እንኳ የሚታኘከው ቀስ ተብሎ ነው።

ግድግዳው ላይ አንድ ካርቶን ተሰቅሏል፦ "ከመናገርህ በፊት አዙር።" አንዱ ወገን ደከመ ብለህ ሄድፎኑን ከማማትህ በፊት የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዙረህ ስማበት ማለት ነው። ድክመቱ አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ካልዞረ ግን የጆሮህ ነውና አርፈህ ቁጭ በል። ካርቶኑን የጻፈውም የሰቀለውም ሮስ ትሬምባት ነበር።

ሮስ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ኮፈኑን ሳይከፍት በሽታውን ይናገር ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች ከጋራዡ ጩኸት ጆሯቸውን ሲሸፍኑ እሱ "ተሸፍኜ ምኑን ልሰማ ነው?" እያለ ይስቅባቸው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ያ ጆሮ ወደ ሄድፎን ዞረ። የክበቡ ሰዎች ስሙን ትተው "ጆሮ" ይሉት ጀመር፤ "ጆሮ ምን አለ?" ሳይባል ማንም አይገዛም፣ ማንም አይሸጥም። አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ይህን ክብር ምንም እንዳልመሰለው ሆኖ ይቀበለው እንጂ በጣም ይወደው ነበር። ቤት ውስጥ አዛዧ ሚስቱ ግሌኒስ ናት፣ ልጆቹ ርቀው ፐርዝ ከተማ ሄደዋል፣ የድሮው ጋራዥ ፈርሶ የገበያ አዳራሽ ሆኗል። ሰው አፉን ዘግቶ የሚያዳምጠው እዚህች ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር።

ባለፈው በጋ ቀኝ ጆሮው ከዳው። ጨርሶ አልተዘጋም፤ በር ገርበብ እንደማለት ነው የሆነው። ስልክ በግራ ጆሮው ማንሳት ጀመረ፣ ምግብ ቤት ሲገቡ ግድግዳውን ወደ ቀኙ አድርጎ መቀመጥ ጀመረ። ለማንም አልተናገረም።

በዚህ መሃል ነው ከክበቡ ሰዎች አንዱ፣ ታስ፣ ሥራውን የጨረሰው። ታናሲስ ኩቫሪስ፣ ታስ የሚሉት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ የኖረ ግሪክ ነው፤ እጁ ለቀጭን ሥራ የተፈጠረ። ጓሮው ካለችው ቆርቆሮ ቤት ተቀምጦ የራሱን ሄድፎን ሲሠራ ሁለት ዓመት ቆየ። ያውም ፕላናር የሚባለውን ዓይነት። በተራው ሄድፎን ውስጥ አንዲት ትንሽ ሾጣጣ ነገር ናት የምትርገበገበው፤ በፕላናሩ ግን ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሰፊ ሽፋን በማግኔት ዘንጎች መካከል ተወጥሮ ሙሉ ገጹ አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ከሱቅ ቢገዛ ዋጋው ባልና ሚስት ያጣላል። ታስ ሠርቶ ሲጨርስ በክረምቱ መግቢያ፣ በሰኔ፣ ለሮስ አምጥቶ ሰጠውና "ማንም ሳይሰማው አንተ ቤትህ ወስደህ ስማው። እሑድ ትፈርድልኛለህ" አለው።

ሮስ ቤቱ ወስዶ ሰማው። ሁልጊዜ ለመፈተኛ የሚጠቀምባት አንዲት ዘፈን አለችው፣ ሴት ልጅ ከአንድ ጊታር ጋር ብቻ የምትዘፍናት። ዘፋኟ መቆም ያለባት መሃል፣ ከግንባሩ ፊት ለፊት ነው። እሷ ግን ወደ ግራ ሸሽታ ቆማለች። ሄድፎኑን አዞረው። አሁንም ግራ። እንደገና አዞረው፤ ከግራ ንቅንቅ አላለችም። ሮስ ሄድፎኑን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ካርቶኑ የሚለው ግልጽ ነበር፤ የጻፈው እሱ ራሱ ነው።

እሑድ እውነቱን ሊናገር አስቦ ነበር የሄደው። ታስ ግን በሁሉም ፊት፣ ቆሞ፣ እጁን እያሻሸ "እሺ ጆሮ፣ ፍረድ" አለው። ሰው ሁሉ አፍ አፉን ሲያየው የሮስ ምላስ ሌላ መንገድ ሄደ።

"ግሩም ሥራ ነው" አለ። "የቀኙ ብቻ ትንሽ ደከም ይላል።"

ታስ አዙረህ ሰምተሃል ወይ ብሎ አልጠየቀውም። ቄስን ጾመሃል ወይ ብሎ ማን ይጠይቃል? "አውቄ ነበር፣ የሆነ ነገር እንደሚጎድለው አውቄ ነበር" ብሎ ሌላ ሰው ሳያሰማ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ነገር ነው፤ ሮስ ያን ቀን ከክበቡ ሴቶች አንዷ ኖሪን የጋገረችውን ኬክ ሁለት በላ፣ አንዱም አልጣመውም።

ክረምቱን ታስ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ከረመ። የቀኙን ሽፋን ቀዶ አወጣ፣ ሌላ ወጠረ፣ እሱም ተቀደደበት፣ እንደገና ወጠረ። በየስብሰባው ፊቱ እየከሳ ይመጣና "ሊደርስ ነው ጆሮ፣ ታገሠኝ" ይላል። ሮስም "አይዞህ" ይላል። ሐፍረቱ ከወር ወር እየከበደ ሄደ፤ ቀላል በነበረበት ጊዜ ያልተነገረ ነገር ሲከብድ እንዴት ይነገራል?

በመስከረም፣ ዛፉ ሁሉ ማበብ ሲጀምር፣ ታስ ሄድፎኑን ይዞ መጣ። "ማግኔቱን ቀየርኩት" አለ። "በቀኝ በኩል ጠንከር ያለ አስገባሁ። አሁን ካልሆነ እኔም አበቃልኝ።"

ሮስ መንገድ ላይ የሚለውን ሁሉ አሰናድቶ ነበር የመጣው። ምንም ይስማ ምን "አሁን እኩል ሆነ" ብሎ ጣጣውን ሊጨርስ ነው። ሄድፎኑን አጠለቀ፣ ዘፈኗን ከፈተ።

መጀመሪያ የሰማው ዘፈኑን አልነበረም፤ ዘፋኟ የቆመችበትን ክፍል ነበር። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን ስፋት ሰማው። ጊታሩ ሲመታ ጣት ክሩን ለቅቆ ሲነሳ ይለያል፣ ወፍራሙ ክር ደረት ሳይደቃ ከሥር ሞልቶ ይመጣል፣ አንዱ ድምፅ ሌላውን አይገፋም። ከዚያ እሷ ትንፋሽ ወሰደች። መሃል ላይ። ከግንባሩ ፊት ለፊት፣ እጁን ቢዘረጋ የሚነካት ቦታ። ከበጋ ወዲህ መሃል ቆማ አያውቅም። ሮስ ያሰናዳው ውሸት ሁሉ ከራሱ ጠፋ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ጆሮዬ ዳነ ብሎም አሰበ፣ ሞኝ አይደለ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አውልቆ ታስን አየው። "በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም" አለ። "እግዜር ያሳይህ፣ መሃል ላይ ነው የቆመችው። ፀጉር ታህል አልተዛነፈችም።"

አንድም ቃል አልዋሸም። ታስ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ቀጥላ የሰማችው ኖሪን ናት፤ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስትጠብቅ የኖረች፣ ነገር የማትለቅ ሴት። ትንሽ እንደሰማች ቅንድቧ ተሰበሰበ። አወለቀችው። ካርቶኑን አየችና አዙራ አጠለቀችው። እንደገና አወለቀች።

"ታስ" አለች፣ "ሴትዮዋ በቀኝ በኩል ናት። ሳዞረው አብራው ዞረች።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ቀኝ ትከሻዬ ላይ ተቀምጣለች እያልኩህ ነው። ትንሽ ብትጠጋ ኪሴ ትገባለች።"

ሌሎቹም በየተራ ሰሙት። ሁሉም ቀኝ አሉ፣ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሮስን በቆረጣ እያዩ። ታስ ፊቱን ሲገልጥ አልተቆጣም፤ ግራ የተጋባ ሰው ፊት ነበር።

"ማግኔቱን ከቀየርኩት ወዲህ እኔም ቀኝ ነበር የምሰማት" አለ። "ከሮስ ጆሮ የኔ ጆሮ አይበልጥም ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መረመሩኝ። ደህና ነህ አሉኝ። እኔ ግን አላመንኳቸውም፣ ሮስ ቀኙ ደከመ ብሏላ። እንግዲህ ጆሮ መሃል ናት ካለ መሃል ናት።"

"እኔም እኮ ጉንፋን ይዞኝ ሰንብቷል" አለች ኖሪን። ከጥግ ያለው ሰው ጆሮውን በትንሽ ጣቱ መጎርጎር ጀመረ።

ሮስ ሁሉንም አየ። ዝም ቢል ይታመናል። አሥር ደህና ሰው በየቤቱ ሄዶ ጆሮውን ሲጠራጠር ይኖራል፣ እሱም "ጆሮ" ሆኖ ይቀጥላል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

"ጆሮዬ ነው" አለ።

"ምን አልክ?" አለ ታስ።

"የቀኝ ጆሮዬ። ከበጋ ጀምሮ በደንብ አይሰማም። ደክሞ የነበረው እኔ ነኝ፣ የሠራኸው ዕቃ አይደለም። አሁን መሃል የሆነችው ለእኔ ብቻ ነው።"

ታስ ቀስ ብሎ ተነሣ። "በሰኔ ስሰጥህ አላወቅክም ነበር፣ አይደል?"

እዚህ ላይ "አላወቅኩም" ቢል ማንም አይመረምረውም ነበር። ታስ ራሱ እንዲህ በለኝ ብሎ የሚለምነው ይመስል ነበር።

"አዙሬው ነበር" አለ ሮስ። "ቤት። ደጋግሜ አዙሬዋለሁ። አውቄ ነው።"

ከውጭ የኳሱ መንከባለል ይሰማል። "የመጀመሪያው ሽፋን ደህና ነበር ማለት ነው" አለ ታስ። "ቀድጄ ጣልኩት። ከወጠርኳቸው ሁሉ ደህናው እሱ ነበር።" ገመዱን ጠቀለለ፣ ሄድፎኑን ሮስ ፊት አኖረው። "ውሰደው። ከአንተ በቀር ለማንም አይሆንም።"

ሮስ ቤቱ ሲደርስ ግሌኒስ አንዴ ፊቱን አይታ ሻይ አቀረበችለት። ነገራት። በሙሉ ነገራት፣ ኬኩን ጭምር።

"አንተማ መች ነገርከኝ? ሳትነግረኝ ነው ያወቅኩት።" አለችው። "ከበጋ ጀምሮ በግራህ በኩል የምሄደው መንገዱ ጥሞኝ መሰለህ?" ከዚያ ፈገግታዋን ትታ "የታስን ግን እኔ ልረዳህ አልችልም" አለችው።

ሄድፎኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በዓለም ላይ ለእሱ ብቻ የተስማማ ዕቃ ነው፣ ዘፋኟን መሃል የሚያቆምለት፣ ግን እጁ ወደ መሳቢያው አልሄድ አለው። ታስ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ታስ ሁለቱንም ጊዜ "እሺ፣ ሰማሁህ" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በጥቅምት ስብሰባ ሮስ ሊቀር ነበር። ግሌኒስ ኮቱን አስያዘችው። ሄዶ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠ፤ "ጆሮ" ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም፣ "ሮስ፣ ደህና ነህ?" ነው ያሉት፣ በትሕትና፣ እንደ እንግዳ። ካርቶኑ በቦታው ነበር። እንዳያየው ጫማውን ሲያይ ቆየ።

ታስ፣ እጁ ሥራውን ስለለመደ በአንድ ወር የሠራውን አዲስ ሄድፎን ይዞ ገባና በቀጥታ ለኖሪን ሰጣት። ሰምታ ስትጨርስ "መሃል" አለች። ቀጣዩም መሃል አለ። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዞሮ ክፍሉን ጨርሶ በመጨረሻ ታስ ተቀበለው። ጠቅልሎ ሊያስገባ ነው ብሎ ሮስ ኮቱን አነሣ። ታስ ግን በሩ ድረስ መጥቶ ፊቱ ቆመ፣ ሄድፎኑንም ዘረጋለት። ፊቱ ላይ ሳቅ የለም፣ ቁጣም የለም።

"እንካ" አለው። "የግራውን ብቻ ንገረኝ።"

ሮስ ሄድፎኑን አጠለቀ። ዘፋኟ ግራ ቆማ ነበር፤ እዚያው እንደቆመች ሰማት። ዘፈኑ ሲያልቅ የግራውን ነገረው፣ አንድም ሳይጨምር።