ፀሐይ የሞቀ ውሃ

ፀሐይ ላይ የዋለ ጀሪካን የራሱ ሽታ አለው። ላስቲክ ላስቲክ ይላል፣ ትንሽም አቧራ አቧራ። እኛ ጋ፣ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም፣ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በረንዳዬ ጀሪካን በጀሪካን ነው፤ ሽታውን ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም። ዛሬ ከሰዓት ግን ለእናቴ መታጠቢያ ልቀዳ ክዳኑን ስከፍት፣ ያ ሽታ እትዬ ዘሀራን ይዞብኝ መጣ። ወይ እትዬ ዘሀራ! ማንቆርቆሪያዬን እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እትዬ ዘሀራ ልጅ ሆኜ ቦሌ የተማርኩበት መዋዕለ ህፃናት ሞግዚት ነበረች። ሥራዋ እኛን ሽንት ቤት መውሰድ፣ ማጠብ፣ ልብስ መቀየር ነው። አንቱ ልንላት ይገባን ነበር፤ ግን ቂጡን የምታጥብለትን ሴት አንቱ የሚል ህፃን የት ይገኛል? ከወሎ የመጣች፣ ጠይም፣ ቀጭን፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። ትከሻዋ ላይ ሁልጊዜ አረንጓዴ ሻርፕ ጣል ታደርጋለች። ግቢያችን ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለነበር አውሮፕላን ባናታችን ባለፈ ቁጥር ቲቸር ፊደል ማስቆጠሯን ታቋርጣለች፤ ጫጫታው ሲያልፍ ከሽንት ቤቱ በኩል የእትዬ ዘሀራ መንዙማ ይሰማል።

ጠዋት ስንገባ ቢጫ ጀሪካኖቿን ግድግዳው ስር፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደርድራ እናገኛታለን። ሌሎቹ ሠራተኞች ሲስቁባት፣ "እስቲ እናንተ በዚህ ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ ተቀመጡበትና እንያችሁ!" ትላቸዋለች። ሶፍት የሚባል ነገር አይጥማትም። "ውሃ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል!" አንድ ልጅ ከውስጥ "ጨረስኩ!" ብሎ ሲጮህ ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥላ ትመጣለች። ውሃውን ክርኗ ላይ ጠብ አድርጋ ትሞክረዋለች። ከዚያ ታንኳኳለች።

"ልግባ?"

በሩ መቀርቀሪያ እንኳ የለውም፤ በጣት ቢነኩት ይከፈታል። እሷ ግን "ግቢ" ካልተባለች አትገባም። ከገባችም በኋላ ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች እንጂ ዘግታው አታውቅም።

የኔ ጣጣ የመጣው ከእናቴ ነው። እናቴ ብቻዋን ነበር የምታሳድገኝ፤ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ዩኒፎርሜን "ታድግበታለች" ብላ ሁለት ልጅ በሚያክል ልክ አሰፋችው። ሱሪው እንዳይወልቅ ደግሞ ወገቤ ላይ በጨርቅ ገመድ ጥፍር አድርጋ ትቋጥርልኛለች። ያቺ ቋጠሮ በጥርስም አትፈታ! በዚያ ላይ በር ላይ ስትለየኝ ሁልጊዜ፣ "ማንም ሰው እንዳይነካሽ፣ እሺ?" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እኔ ደግሞ እሺ ካልኩ እሺ ነው።

ስለዚህ ሽንቴን ይዤ እውላለሁ፤ አንዳንዴ ይሳካልኛል፣ አንዳንዴ ያመልጠኛል። አንድ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ከቋጠሮው ጋር ስታገል እትዬ ዘሀራ አንኳኳች።

"ልግባ?"

"እማዬ ማንም እንዳይነካሽ ብላኛለች።"

"እውነቷን ነው" አለች፤ አልገባችም። "አብሽሪ የኔ ዓለም። ጫፏን ፈልጊና ሳብ አድርጊያት።"

ብስባት ብስባት ይባስ ጠበቀች። ሽንቴ አመለጠኝ። እያለቀስኩ ስወጣ ልጆቹ አዩኝና "ሽንታም! ሽንታም!" ተያያዙት። "ዞር በሉ ከዚህ! እናንተ ደርቃችሁ ነው የተወለዳችሁት?" ብላ እትዬ ዘሀራ በተነቻቸው። እኔን በአረንጓዴው ሻርፕ ጠቅልላ ከጀሪካኖቿ ጎን ፀሐይ ላይ አስቀመጠችኝ፤ እናቴም ተጠራች።

እናቴ ከሥራ አስፈቅዳ እያለከለከች ደረሰች። የመጀመሪያ ጊዜዋም አልነበረም፤ አለቃዋ ማጉረምረም ጀምሯል። ቲቸር ቀስ ብላ፣ "እንዲህ ከሆነች ዘንድሮ ትረፍና ለከርሞ ብትመጣ አይሻልም?" አለቻት። ለከርሞ! እስከዚያ ቤት ማን ይይዘኛል? እናቴ ሥራዋን ልትለቅ ነው ማለት ነው። እንባዋ መጣ፤ ቁጣዋ ግን ቀደመው።

"እኔ ልጄን ማንም እንዲነካካብኝ አልፈልግም፣ እትዬ!"

"ደግ አደረግሽ" አለች እትዬ ዘሀራ። "እኔም ለልጄ እንደዚያው ነው ያልኳት። ግን ይቺ ልጅ ቃልሽን ስትጠብቅ ነው የራሰችው። እስቲ አሁን እዚሁ፣ እየሰማሁ ንገሪያት።"

እናቴ ፊቴ በርከክ ብላ የሱሪዬን ቋጠሮ ራሷ ፈታች። "እትዬ ዘሀራ ትርዳሽ" አለችኝ። "ሌላ ሰው ግን አይሆንም።"

"እኔንም እምቢ ማለት ትችላለች። እሱንም ጨምሪላት።"

እናቴ ግራ ገባት፤ ቢሆንም ጨመረችልኝ።

እትዬ ዘሀራ ሱሪዬን አጥባ ገመዱ ላይ አሰጣችው፤ ከላዩ ሻርፗን አለበሰችው። እዚያ ግቢ ውስጥ አረንጓዴ ሻርፕ ከተሰጣ ከስሩ የሆነ ልጅ ልብስ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የማን እንደሆነ ገልጦ ያየ ልጅ ግን አላስታውስም፤ ነገ የራሱ ሊሆን ይችላላ!

በማግስቱ ሱሪዬ ላስቲክ ገብቶለት ሄድኩ። "ጨረስኩ!" ብዬ ጮህኩ። "ልግባ?" አለች። "አትግቢ!" አልኳት፤ እንዲያው የምሯን መሆኑን ልፈትናት ነው። "እሺ እመቤቴ፣ እዚሁ ነኝ" ብላ ቆመች። በበሩ ስር የኮንጎ ጫማዋ ጫፍ ይታየኛል። መንዙማዋን ማንጎራጎር ጀመረች፤ አላስቸኮለችኝም። ሲበቃኝ "ግቢ" አልኳት። ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ ያንን ለብታ እስከ ዛሬ ጀርባዬ ያውቀዋል። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤት አልቀረሁም፣ እናቴም ከሥራዋ።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። በቦታው መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፤ በዚያ ሳልፍ ጀሪካኖቹ የሚደረደሩበትን ግድግዳ ለመገመት እሞክራለሁ፣ አይሆንልኝም። እትዬ ዘሀራ ወደ አገሯ ወሎ ገባች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያውቅላት ሰው አጣሁ። ትናፍቀኛለች። ትልቅ ሰው ሆኜ አንድ ጊዜ ባገኛትና አንቱ ብላት ምን ነበረበት?

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እኔ ጋ ናት። ዛሬ ከምሳ በኋላ ጋደም ካለችበት አንሶላዋን አርጥባ አገኘኋት። የቀጠርኩላትን ልጅ አባረረቻት፤ እኔንም "ማንም እንዳይነካኝ!" ብላ ጮኸችብኝ። በምርኩዟ እየተጎተተች መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ገጠመችው። ወለሉ ያንሸራትታል፤ ገፍቼ ልገባባት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ከበረንዳው ተመለስኩና ውሃውን ክርኔ ላይ ጠብ አደረግሁት። አንኳኳሁ።

"እማዬ፣ ልግባ?"

"አትግቢ!"

"እሺ፣ እዚሁ ነኝ።"

በሩን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልብስ ሲጎተት ይሰማኛል፤ እጇ እንደ ድሮው አይታዘዛትም። የመንዙማውን ቃላት ስለማላውቅ ዜማውን ብቻ አንጎራጎርኩ። ከውስጥ የልብሱ ጉተታ ቆመ።

"ዘሀራ ናት እንዲህ የምትለው" አለች እናቴ።

"አዎ፣ እማዬ።"

ልብሱ እንደገና ተጎተተ።

"የቀሚሴ ቋጠሮ አልፈታ አለኝ። ግቢ።"

ካጠብኳት በኋላ አንሶላዋን በረንዳው ላይ አሰጣሁት። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ቁልቁል ያያሉ። አንገቴ ላይ የነበረውን ሻርፕ አውልቄ ከላዩ አለበስኩት።