በአክስቴ ተራ

የልጅ ልጄ ለፈተና ስታጠና ስልኳን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ትደግፈዋለች፤ ሃያ አምስት ደቂቃ አንብባ ሲጮኽ አምስት ደቂቃ ታርፋለች፣ ደግሞ ሲጮኽ ወደ መጽሐፏ ትመለሳለች። ሐሳቤ እንዳይበተን ነው አለችኝ። ትናንት አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ ከጎረቤት የቆጮ ኮምጣጣ ሽታ በመስኮቱ ገባና፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ በሚገኘው ጓሯችን፣ በእንሰት ጥላ ሥር ያጠናሁበትን ዓመት አስታወሰኝ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ለአንድ የእህል ነጋዴ ልጅ ሊጠይቁኝ ከቦኖሻ ሽማግሌዎች መጥተው፣ አባቴ «ሚኒስትሪውን ካለፈች ትማር፤ ከወደቀች የእናንተ ናት» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። ፈተናው የቀረበው ደግሞ እንሰት በሚፋቅበት ሰሞን ነው፤ የሴቶቹ ሥራ ሳያልቅ መጽሐፍ እንዳልነካ አዘዘ፣ ሥራው ሲያልቅ ግን ብርሃኑም አብሮ ያልቃል።

እኛ ዘንድ ሴቶች እንሰት ከሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይደርስም። እናቴ በሕይወት ስላልነበረች ሥራውን የምትመራው የአባቴ ታላቅ እህት ዘይነባ ነበረች። አንድ ዘንበል ያለ ሳንቃ ለሁለት ይደርሰናል፤ አንዷ ተቀምጣ ከግንዱ የተገነጠለውን ሽፋን በእግሯ ወጥራ በቀርከሃ ስትፍቅ፣ ሌላዋ የደነዘዘ እግሯን ዘርግታ ታርፋለች። አክስቴ ከእኔ ጋር ተጣመረችና «በእኔ ተራ አንቺ አንብቢ» አለችኝ። እሷ ስትቀመጥ እጄን በቅጠል ጠርጌ፣ ከእንሰቱ ሥር የደበቅሁትን የሳይንስ መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ የቀርከሃው ድምፅ ሲያቆም ዓረፍተ ነገር መሐል ብሆንም እዘጋለሁ፤ ተራዬ ደርሶ ስፍቅ ያነበብኩትን በከንፈሬ እደግማለሁ፣ ያልጨረስኩት ገጽ እየጎተተኝ።

አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ዝም ካልን ያስላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ተጣራ።

«እትዬ፣ ልጅቷ እየፋቀች ነው?»

መጽሐፉ ጭኔ ላይ ተገልጧል። የሁሉም እጅ ቆመ።

«ካላመንከኝ ግባና እይ!» አለችው አክስቴ። «ቀሚስም አውስሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ ትፍቃለህ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅሁም፤ የእግሩ ኮቴ እስኪርቅ መጽሐፉን በቀሚሴ ሸፍኜ ጠበቅሁ።

ፈተናው ሲቃረብ የአክስቴ ተራ እየረዘመ መጣ። አንዱን ሽፋን ጨርሳ ሌላ ትጎትታለች፤ ልተካት ስነሳ «ቁጭ በይ፣ ገና ነኝ» ትላለች። ጉልበቷን ስታሽ አያለሁ። እያየሁም ማንበቤን ቀጠልኩ።

ውጤቱ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ስሜን ካለፉት መካከል አገኘሁት። ለአባቴ ከመንገሬ በፊት ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አክስቴ እየፋቀች ነበር፤ ቀና ብላ ፊቴን አየችና፣ ሳልናገር፣ ሳንቃውን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች።

«በይ ነይ ተቀመጪ» አለች። «አሁን እኔ ልረፍ።»

እስኪመሽ ፋቅሁ። አባቴም በማግስቱ ወደ ቦኖሻ መልእክተኛ ላከ።

ያ ጓሮ ዛሬ የለም፤ እንሰቱ ተነቅሎ የኪራይ ቤቶች ተሠርተውበታል። አክስቴም የለችም። ከዚያ ወዲህ ብዙ እረፍት አግኝቻለሁ፤ የበዓልም፣ የዓመትም፣ የጡረታም። አጠገቤ ሌላ ሰው ጉልበቱን እያሸ የሚሠራልኝ እረፍት ግን ዳግመኛ አላገኘሁም።