መርከቡ ጥሎን የሄደ ዕለት

እናቴ ወደ አውሮፓ የመጣችው በታናሽ እህቴ ግብዣ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ጠርቻት ሁለቴም ቪዛ ከለከሏት፤ እህቴ ከሐምቡርግ አንድ ጊዜ ብትጠራት ወዲያው ሰጧት። ያን ቀን እህቴን በስልክ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳትና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ደስ ያለው ሰው በእኩለ ቀን ፊቱን አይታጠብም።

ስምምነታችን ግልጽ ነበር። እናታችን አንድ ወር ትቆያለች፤ ግማሹን እህቴ ዘንድ፣ ግማሹን እኔ ዘንድ። የምኖረው ካፔለ አን ደን አይሰል ነው፤ ከሮተርዳም በሜትሮ ትንሽ እንደሄዱ የሚገኝ ጸጥ ያለ ሰፈር። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ አዛውንቶችን መንከባከብ ነው። ለእናቴ አዲስ አንሶላ ገዛሁ፤ ተቀምጣ የምትታጠብበት ወንበር አስገባሁ፤ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ከሁሉም በላይ ግን ባሕሩን አስቀምጬላት ነበር። እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም። ሼቨኒንገን የባሕር ዳርቻ በሄድኩ ቁጥር ስልኬን ወደ ውሃው አዙሬ አሳያት ነበር።

«ወይ ጉድ! ዳር የለውም እንዴ?» ትለኛለች።

«የለውም እማዬ። ስትመጪ እግርሽን አስነክርሻለሁ።»

ዓመታት እንዲህ ተባባልን።

እናቴ ሐምቡርግ በገባች በሳምንቷ እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ይፈነድቃል። «እማዬን በመርከብ ልወስዳት ነው! ኖርዌይ ደርሰን ስንመለስ ሮተርዳም አንድ ቀን እንቆማለን፤ ከዚያ በቤልጂየም አድርገን ወደ ቤት። ሮተርዳም ላይ የግል መኪና ከነሾፌሩ ይዣለሁ። አምስተርዳምን እናያለን፣ ባሕሩ ዳርቻ እንዝናናለን። አንቺም ሙሉ ቀን ከኛ ጋር ነሽ።»

«የኔስ ሁለት ሳምንት?»

«ከመርከቡ በኋላ እኮ ጥቂት ቀን ነው የሚቀራት። በእግሯ ሕመም ላይ ደግሞ በባቡር ማንገላታት ምን ያደርጋል?»

ሁለት ሳምንቴ አንድ ቀን ሆነ። «ጥሩ ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

በቀጠሮው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ወደቡ ላይ ደረስኩ። መርከቡ ከኤራስመስ ድልድይ ወዲያ ቆሟል፤ ከጎኑ ካሉት ፎቆች አንዱ ነው የሚመስለው። እናቴ በእህቴ ክንድ ተደግፋ ወጣች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዓይነ ሥጋ አላየኋትም ነበር። ከስታለች፤ አፍንጫዋን ፀሐይ መትቶታል፤ ነጭ ባርኔጣ አድርጋለች። እያለቀስኩ አንገቷ ሥር ገባሁ። የሸተተኝ ግን የእህቴ ሽቶ ነው። በልጅነቴ የማውቀውን የእናቴን ጠረን ፈልጌ አጣሁት።

ሾፌራችን ሴት ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሂጃብ የለበሰች፣ ወላጆቿ ከወሎ የመጡ፣ እሷ ግን ዘ ሄግ፣ ትራንስቫል ሰፈር ያደገች። አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ አንቱታ የሚባል ግን አልፈጠረባትም። የመኪናዋን በር ከፍታ «እማማ፣ ነይ፣ ቀኝ እግርሽን እዚህ አድርጊ» አለቻት።

ክው አልኩ። እናታችንን አንቺ የምንላት እኔና እህቴ ብቻ ነን፤ እሱም ልጆቿ ስለሆንን። እናቴ ይከፋታል ብዬ ስጠብቅ ሳቋን ለቀቀችው። «ይቺ ደግሞ የት ነበረች!» ብላ ጉንጯን መታ መታ አደረገቻት። የኔን ጉንጭ ገና አልነካችውም ነበር።

እናቴና እህቴ መካከለኛው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ፣ ከቦርሳዎቹ ጋር። መንገዱን ሙሉ የማየው የእናቴን ማጅራት ነው። አውራ ጎዳናው ስለተጨናነቀ ሾፌሯ ወደ አምስተርዳም በዲመን በኩል ዞራ ገባች። እዚህ አገር መጀመሪያ የተከራየሁት ክፍል ዲመን ነው። በየእሑዱ ለእናቴ የምደውልላት ከዚያ ክፍል መስኮት ሥር ሆኜ ነበር። ሕንፃው ከሩቅ ሲታየኝ «እማዬ፣ ያውልሽ» ብዬ ጣቴን ቀሰርኩ። እናቴ በእህቴ ስልክ ላይ የኖርዌይን ተራሮች እያየች ነበር። ቀና ስትል ሕንፃው አልፏል።

«ምን አልሽኝ ልጄ?»

«ምንም» አልኩ።

አምስተርዳም ላይ በጀልባ ቦይ ለቦይ ዞርን። እናቴ ጠባቦቹን ቤቶች እያየች በጥያቄ አጣደፈችን፤ ለምን ዘመሙ? እቃ በመስኮት ነው የሚያስገቡት? ይሄ ሁሉ ብስክሌት የማነው? አሥራ ስድስት ዓመት በኖርኩበት አገር ጥያቄውን ሁሉ ለሾፌሯ ነው የምታቀርበው። እሷ ደግሞ ታውቅበታለች፤ እያሳቀች ትመልሳለች። ስድስት ሰዓት ላይ እህቴ ከቦርሳዋ ትንሽ ሳጥን አውጥታ የእናቴን የደም ግፊት ኪኒን ሰጠቻት፤ ውሃውንም ራሷ አጠጣቻት። እጄን አጣጥፌ አየኋቸው። እኔ እንጀራዬ የሰው እናት መድኃኒት መስጠት ነው። በየማለዳው ለማላውቃቸው ሴቶች ለእግር እብጠት የሚታዘዘውን ጠባብ ካልሲ አለብሳለሁ። እናቴም ያንኑ ካልሲ አድርጋለች፤ ያለበሰቻት እህቴ ናት፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተሸብሽቧል። እንዲህ ከተሸበሸበ እግር ይቆርጣል። መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም፤ የእህቴን ስህተት ማየቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሼቨኒንገን ደረስን። ቀኑ ብሩህ ነው፤ አሸዋው በሰው ተሞልቷል። የዓመታት ሕልሜ ፊት ለፊቴ ተዘርግቷል። እናቴን እጇን ይዤ ወደ ውሃው አስጠጋኋትና ፊቷን መጠበቅ ጀመርኩ።

«ጥሩ ነው» አለች። «በየጠዋቱ ከመርከቡ መስኮት የማየው አይደል? እዚያ ግን ሰማያዊ ነው። ይሄ ደፍርሷል።»

እህቴ ሳቀች። ሾፌሯም ሳቀች። እኔም ከነሱ ጋር ሳቅሁ።

ምሳ ከበላን በኋላ ሾፌሯ ሰዓቷን አይታ አስጠነቀቀችን። «ይሄ የመርከቡ የራሱ ጉብኝት አይደለም፤ የግል ነው። ከዘገየን መርከቡ አይጠብቀንም። አሥራ አንድ ተኩል የመጨረሻው መግቢያ ነው፤ አሥራ ሁለት ላይ ይነቀላል። አሥር ሰዓት መኪናው ጋ እንገናኝ። በዚያ ሰዓት ደልፍት ላይ ሁልጊዜ ፊለ አለ።» ፊለ የሚሉት የመኪና መጨናነቁን ነው። እኔም መንገዱን ከእሷ ባልተናነሰ አውቀዋለሁ።

እህቴ ትንሽ ጋደም ልበል ስትል እኔ እናቴን ላንሸራሽራት ብዬ ተነሳሁ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ውሃው አጠገብ ተንበርክኬ ጫማዋንና ካልሲዋን አወለቅሁላት። የተሸበሸበው ቦታ ቀይ መስመር ሠርቶ ነበር፤ በመዳፌ አሸሁላት። እናቴ እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች። ቀኑን ሙሉ የፈለግሁት ይሄን ነበር፤ መጣልኝ፤ ግን አልበቃኝም።

በእግራችን እርጥቡን አሸዋ እየረገጥን፣ ሰው እየሳሳ ወደሚሄድበት ወደ ሰሜን ቀስ እያልን ተጓዝን። ሞገዱ እግሯን ሲነካት እንደ ልጅ ትጮሃለች። ደስ አለኝ። ከዚያ ስለ መርከቡ ማውራት ጀመረች። ቁርስ ላይ አብራት ስለምትቀመጥ ጀርመናዊት ባልቴት፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ሳታውቅ ስለሚሳሳቁት፣ እህቴ በየማታው ጸጉሯን ስለምታበጥርላት። ይሄን ስትናገር ፊቷ በራ። ያለ እኔ ደስተኛ ሆና ሰንብታለች።

ስልኬን ኪሴ ውስጥ እንዳለ ድምፁን አጠፋሁት።

«ሰዓቱ እንዴት ነው? እንዳንዘገይ» አለች እናቴ።

አየሁት። አሥር ሊሆን አምስት ደቂቃ ነው የቀረው።

«ገና ነው እማዬ» አልኩ።

የእንጨት አግዳሚ ላይ አረፍን። ስለ ሰፈራችን ሰዎች ጠየቅኋት፤ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ የማን ቤት ፈረሰ። ወሬ ስትወድ! ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ደጋግሞ ይበራል። አንድ ጊዜ አውጥቼ አየሁት፤ እህቴ። መልሼ ከተትኩት። ስንመለስ እግሯ ደክሞ ስለነበር መንገዱ እጥፍ ሆነብን። እኔም አላጣደፍኳት።

መኪናው ጋ ስንደርስ አሥራ አንድ አልፏል። እህቴ ፊቷ በእንባ ቀልቷል። «የት ገባችሁ? ፖሊስ ልጠራ ነበር እኮ! ስልክሽን ለምን አታነሺም?»

«ድምፁ ጠፍቶ ነው።»

ሾፌሯ በሩን ከፍታ እናቴን አስገባች። ደልፍት ላይ እንደተባለው መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እናቴ መቁጠሪያ የያዘች ይመስል ጣቶቿን አንድ በአንድ ትነካካለች። «የኔ እግር ነው፤ የኔ እግር ነው ያዘገያችሁ» ትላለች። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ከሁሉ የማፍርበት ያ ዝምታ ነው።

ወደቡ ላይ ስንደርስ መርከቡ ከመሬት ተላቆ ወንዙ መሐል ገብቷል። ሰዎች ከላይ ሆነው ለከተማው እጃቸውን ያውለበልባሉ። የመርከቡ ወኪል አንድ ላስቲክ ይዞ ጠበቀን፤ ከክፍላቸው አውጥተው የተዉላቸው ፓስፖርቶችና የእናቴ መድኃኒት ነው። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ቤልጂየም ወደብ መርከቡን መያዝ እንደሚችሉ ነገረን። እናቴ እየራቀ የሚሄደውን መርከብ አሻግራ አየችና «ነጠላዬ አልጋዬ ላይ ቀረ» አለች።

እንግዲህ የተመኘሁት ሆነ፤ እናቴ ቤቴ ገባች። አዲሱን አንሶላ አነጠፍኩ፤ ሾርባ ሠራሁ። እሷ ግን ሦስት ማንኪያ ቀምሳ፣ «ቤትሽ ደስ ይላል፤ እግዜር ይባርክልሽ» ብላ፣ ለቡና የተጠራች ጎረቤት እንደምትመርቀኝ መርቃኝ ገና ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ተኛች። መስኮቱን ከፍቼ ሰፈሬን ላሳያት እንኳ ፋታ አልሰጠችኝም።

እህቴ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ የባቡር ሰዓት ትፈልጋለች። አጠገቧ ተቀምጬ ከአፌ አመለጠኝ። «ሰዓቱን አውቄ ነበር። የስልኬንም ድምፅ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋችው። «ጠርጥሬ ነበር» አለች። «እኔም ልንገርሽ። እኔ ቤት ከገባች ቀን ጀምሮ 'ወደ እህትሽ የምሄደው መቼ ነው? ባሕር ልታሳየኝ ነው እኮ' ነው ጸሎቷ። ካሌንደሩ ላይ ቀን ትቆጥራለች። ቤቴ ውስጥ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ነበረች። መርከቡን የያዝኩት ለዚህ ነው። ባሕሩን እኔ ላሳያት ፈለግሁ።»

ልናደድ ሲገባኝ ውስጤን ደስታ ሞላው። እናቴ ስትቆጥር የነበረው የኔን ቀን ነው! ወዲያው አፈርኩ፤ ተቃቅፈን አለቀስን ብል ግን ውሸት ነው። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋት፤ ጠጣች፤ ተኛን።

በማግሥቱ ጠዋት ሮተርዳም ባቡር ጣቢያ፣ እህቴ ውሃ ልትገዛ ስትሄድ፣ ለእናቴም ነገርኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ሰዓቱን ስጠይቅሽ ዋሽተሽኝ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ሌሊቱን ሙሉ እግሬን ስረግም አደርኩ።»

ጎንበስ ብዬ የካልሲዋን ሽብሽብ አቃናሁላት።

«ቅሪልኝ ብትይኝ እቀርልሽ ነበር» አለች። «ማን ጠየቀኝ? እሷም መርከቡን ስትይዝ አልጠየቀችኝ፤ አንቺም ባሕሩ ዳር አልጠየቅሽኝ። እንደ እቃ ተሻማችሁብኝ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ባቡሩ ሲመጣ ግን ወደ በሩ ስትወጣ የተደገፈችው የኔን ክንድ ነው፤ ከመግባቷ በፊትም ጉንጬን ሳመችኝ። ይቅር ብላኝ ይሁን ለመሰነባበት ብቻ፣ ለይቼ አላውቀውም።

ፈቃዴ ገና ስላላለቀ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሴ ሐምቡርግ ሄድኩ። እህቴ በሩን ስትከፍትልኝ «የእማዬን አልጋ ግማሽ ለቅቄልሻለሁ» አለችኝ። አምስት ቀን ሦስታችን ጠባብ ቤት ውስጥ ከረምን። እናቴ እህቴን በቁልምጫ ስትጠራት አሁንም ልቤን ይጎረብጠኛል፤ እህቴም እኔና እናቴ ስንንሾካሾክ ዕቃ ማንኳኳት ታበዛለች። ቢያንስ አሁን እንተዋወቃለን።

እናቴ አዲስ አበባ ገብታ ለጎረቤቶቿ ስለ ጉዞዋ ስታወራ ሁለታችንም በስልክ መስመሩ ላይ ነበርን። ስለ ቦዮቹ፣ ስለ ዘመሙት ቤቶች፣ አንቺ ስለምትላት ወሎዬ ሾፌር አወራች። መርከቡ ጋ ስትደርስ አንዷ ጎረቤት «እንዴት ጥሏችሁ ሄደ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እግሬ ነዋ!» አለች እናቴ። «ልጆቼ ምን ያድርጉ፣ እኔ ነኝ ያዘገየኋቸው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም እህቴም ትንፍሽ አላልንም።